ለብታ

ጥር ሳይጋመስ ገና፣ ከኮልቤክ ወንዝ ዳር
በረዶ ጥርስ አብቅሎ ከጣሪያው ሥር ሲያድር፣
ኢንጌላ ሣጥን ከፈተች። ከስፖንጁ መሐል ተጋድሞ
ግራጫ ዘንግ፣ እንደ ፀጉር መያዣ ታጥፎ፣ ተጣጥሞ።
«በሁለት እጅህ ያዘው» አለች፤ «እንቁላል ነው ብለህ አስበው፤
ብረት ይመስላል እንጂ የብረት ትዕግሥት የለው።»

ስሙ ረጅም ነው፤ ሞሊብዲነም ከአሸዋ ልጅ፣ ከሲሊከን ጋር፣
አንዱ ለሁለት ታስሮ፣ በእቶን የጸና ማኅበር።
እሷ ግን «ኩሩው» ትለዋለች።

የተቀጠርኩ ሰሞን ከእጄ አምልጦኝ ወድቋል፤
ቅጭ! እንደ ሸክላም አልጮኸ፤ ሦስት ቦታ ሆኗል።
አልተቆጣችኝም። ስብርባሪውን በመሐረቧ ቋጠረችና
«ሲበርደው እንዲህ ነው» አለች፤ «አጥንት ብቻ ነውና።
ሺህ ሁለት መቶ ላይ ብታገኘው እንደ ሊጥ ትለምጠዋለህ፤
ሰውም እንዲሁ ነው፤ በስንት ዲግሪ እንደምትነካው ካላወቅህ...»
ወሬ አትጨርስም፤ ልማዷ ነው።

እሳቱ ሲበረታ አሳየችኝ፣ በእቶኑ ጠባብ ዓይን፣
ጥቁር መነጽር አድርጌ፦ ነጭ፣ ከነጭ ያለፈ ብርሃን።
ብረት በዚያ ቤት ፈሳሽ ነው፣ ወርቅም በዚያ ቤት ኩሬ፤
እሱ ግን ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ትናንትም ያው፣ ያው ዛሬ።
ከገዛ ሥጋው፣ ከአየሩም፣ ቀጭን መስታወት ይሸምናል፤
እንደ ቆዳ ይለብሰዋል። ቢጫር፣ ጭረቱ ይድናል፤
ሐኪሙ ያው እሳቱ ነው፤ ያቃጠለው ያሽረዋል።

በእቶናችን የምናበስለው ጥርስ ነው። አዎ፣ የሰው ጥርስ፤
ሲገባ ጠመኔ ነው፣ በጥፍር የሚፈርስ፤
ሲወጣ አምስተኛውን ጥሎ፣ አንሶ፣ ዐለት ሆኖ።
ታኅሣሥ ላይ የሄልገ ጥርስ ነበር ተራውን ይዞ፦
የቦዩን በር አርባ ዓመት ለጀልባ ሲከፍት የኖረ፣
ደረቁን የአጃ ቂጣ በሾርባ እየነከረ
መብላት የታከተው ሽማግሌ።

ለገና ስንዘጋ፣ ሥራ አስኪያጁ ቶርስቴን፣
«ጨርሶ ከሚጠፋ፣ ለብ ብሎ ይቆየን፤
መብራትም ይቆጥባል» ብሎ፣ አምስት መቶ ላይ አቆመው።
ዐሥራ ሁለት ቀን። ኢንጌላ ሰሜን፣ እኅቷ ዘንድ። ማን ይንገረው?

ስንመለስ፣ በሩ ሲከፈት፣
ቢጫ ዱቄት፦ እንደ አበባ ብናኝ፣ በወለሉ፣ በሣህኑ ላይ፤
የሄልገ ጥርስ፣ ዕድሜ ልኩን ትንባሆ የማገ ሰው ጥርስ መሳይ።
ቶርስቴን ራሱን ነቀነቀ፤
«ሺህ ሰባት መቶ የቻለ፣ አምስት መቶን እንዴት አቃተው?»
ኢንጌላ ዱቄቱን በጣቷ ጠቅሳ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።
«ያኛው እሳት ያለብሰዋል፤ ይሄኛው ራቁቱን ይበላዋል።
ወይ አጥፋው፣ ወይ አንድደው። መሐሉ ላይ ይነቅዛል።»

ስንጠርግ፣ «እኅትሽስ?» አልኳት፣ «ደኅና ነች?»
«በጣም ትሑት» አለች።
«‹ቅቤውን አቀብይኝ።› ‹አመሰግናለሁ።› ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ።
እናታችን ከሞተች ወዲህ ሁሌም ያው ነው ቃሉ።»
«ተጣልታችሁ ነው?»
«ብንጣላማ በጀ።»

የተሰበሩትን ሁለቱን ቀየርን፤ የቀሩትን እንደነቀዙ
ባዶ እቶን ውስጥ ዘግተን ነዳናቸው፣ ቆዳ እስኪይዙ፦
ስምንት መቶ። ሺህ። ሺህ አራት መቶ።
ሄልገ ኮሪደሩ ላይ፣ መዳፉን አፉ ላይ ጭኖ፣
«እጠብቃለሁ» አለ፤ «የተዘጋ በር መጠበቅ ሥራዬ ሆኖ
ነው ያረጀሁት።»

ቁጥሩ ሺህ ስድስት መቶ ሲያልፍ፣ ኢንጌላ ስልኳን አነሣች፤
ያለ ካፖርት፣ ያለ ጓንት፣ ወደ በረዶው ወጣች።
በመስኮቱ አያታለሁ፤ ክንዷ አየሩን ሲቀዝፍ፣
ትጮኻለች፤ ትንፋሿ እንፋሎት ሆኖ ሲከንፍ።
ስለ ቤቱ ይሁን፣ ስለ መቃብሩ፣ ቃሉ ከእኔ ራቀ።
ከጣሪያው አንዱ የበረዶ ጥርስ ተነቅሎ አጠገቧ ወደቀ፤
ዘወር እንኳ አላለችም፤ ወሬው ገና መች አለቀ።